ስንጥቁን ድንበር ያልን ጊዜ

አዲስ ቀለም በሚሸት ቤት ውስጥ ምግብ አይወርድልኝም። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቦኖሻ አጠገብ ለቤት ምርቃት ተጠርቼ፣ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ አተካና ሆኖ ከፊቴ ቀርቦልኝ፣ በማንኪያ ወዲያና ወዲህ እያልኩት ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ቀለም ይሸታል፣ ሶፋው ፕላስቲኩ ሳይገፈፍለት በተነቃነቅን ቁጥር ይንጫጫል፣ የተከራዩት ስፒከር ልክ ጆሮዬ ስር ተተክሎ ያንባርቃል። መዝሙር እወዳለሁ፤ ጩኸት ግን መዝሙር አይደለም። በመሃል ማንኪያው አምልጦኝ ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ግድግዳውና ሴራሚኩ ከሚገናኙበት ጥግ ሌላ ሽታ መጣብኝ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የበሰበሰ ሥር ያለበት የአፈር ሽታ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተነስቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። በስቱኮ ደፍነውታል፣ ቀለምም ቀብተውታል፤ እሱ ግን ቀለሙን መልሶ ሰንጥቆታል። ወለሉ ላይ ሴራሚኩን ለሁለት ከፍሎ በመኝታ ቤቱ በር ስር ይገባል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የሕፃን አልጋ ታየኝ፤ ሕፃኗ ተኝታለች።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በሕይወቴ ካሸተትኩት ሁሉ እንደሱ የምጠላው የለም። ለምን እንደምጠላው ለመናገር ግን ከዚያ ከሚንጫጫ ሶፋ ተነስቼ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ዱራሜ፣ ያረጀሁት ሆሳዕና ከገበያው ጀርባ። ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ የሚወርድ መንገደኛ ዓይን ካለው ምድር እንዴት እንደተቀደደች ያያል። ላይ ብርድ ነው፣ ሰው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይዘጋል። ታች ሲደረስ ጃኬቱ ይወልቃል፣ የሚኒባሱ መስኮት ይከፈታል፣ እንሰቱ እየሳሳ በቆሎው እየበዛ ይሄዳል። ይህን ቁልቁለት ማንም አልቆፈረውም። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ የተሰባበረ ነው፣ እያንዳንዱም ቁራጭ ከስሩ ባለው ትኩስ አለት ላይ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። የኛዎቹ ሁለት ቁራጮች፣ የምሥራቁና የምዕራቡ፣ ጀርባ ከተሰጣጡ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። እነሱ በተራራቁ ቁጥር መሃላቸው ያለው መሬት ይሰምጣል። ስምጥ ሸለቆ ማለት ይኸው ነው፤ ሆሳዕና ከላይ ጠርዙ አካባቢ፣ ቦኖሻ ወደ ሰመጠው። ፍጥነቱ ከሰው ጥፍር እድገት ያነሰ ነው፤ ግን አያርፍም፣ እሑድ የለውም። ይሄንን ስንት ዓመት ለፈለፍኩ! ቅዳሜ ስወርድ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስልኩ ላይ የሰው ጭፈራ ያያል። መስኮቱን ላሳየው አልኩና ተውኩት። ደክሞኛል።

እኔ መጀመሪያ ወደዚያ አገር የወረድኩት በእህል ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ብር ከስሙኒ ከፍዬ ነው። ሱሪዬ ቤልቦተም ነበር፤ ሆሳዕና በልኬ አሰፍቼው፣ እግሩ ስር መጥረጊያ የሚያህል፣ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ጠራርጎ ነው ይዞኝ የገባው። ሸሚዜ ቴትሮን፣ ፀጉሬ ጎፈሬ፣ ከኋላ ኪሴ ብቅ ያለች ቀይ ማበጠሪያ። ንብረቴ አንድ ሻንጣ መጻሕፍትና ግሪንላንድን አይጥ የበላው የዓለም ካርታ። ገበያው ጥግ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ነበር፤ ላምባና ሳሙና የሚሸት፣ ገመዱና ፋኖሱ ከጣራው የተንጠለጠለ። ዶሮ በሦስት ብር ይገዛል፣ እንቁላል በአሥር ሳንቲም። ባለሱቁ የራዲዮኑን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያሞቀዋል፤ ሲሞቅ ትንሽ ይዘፍንና ዘፈኑ መሃል ላይ ይሞታል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ዘፈን እኔ ዘንድ መጨረሻ የለውም፤ ሁሉንም የማውቀው እስከ ግማሹ ነው። የጴንጤ ልጅ ዘፈን አይሰማም ይባል ነበር፤ ድንጋዩ በሞቀ ሰዓት ግን መንደሩ በሙሉ ጨው ያልቅበትና ሱቁ ደጃፍ ይሰለፋል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ ካርድና የቻይና ጫማ ይሸጣል፤ ሻጩ ሰላም ስትለው ቀና አይልም። ኤጭ!

ቤት ያከራየኝ አቶ ሀንዲሶ ነበር። አከራየኝ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ኪራይ አልቀበልም ብሎ ገበታው ላይ አስቀመጠኝ። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ እጁ የማይሰስት ሰው። አስቴር የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረችው፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ጎረቤቱ አቶ ሄራሞ ደግሞ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ እንሰቱን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ነበር። ሁለቱ በድንበር ይጣላሉ። ድንበራቸው ላይ የኮርች ዛፍ ተተክሏል፤ ሀንዲሶ ተነቀለብኝ ይላል፣ ሄራሞ ተገፋብኝ ይላል። ሽማግሌ ባስታረቃቸው ማግስት አንዱ ኮርች ደግሞ ቦታ ቀይሮ ይገኛል።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ስንት ቀን እንደዘነበ አላስታውስም፤ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት ግን ተማሪዎቼ ክፍል መግባት ትተው ሜዳ ለሜዳ ሲሮጡ ተከትያቸው ሄድኩ። መሬቱ ተሰንጥቋል። ስፋቱ አንድ እርምጃ፣ ርዝመቱ ዓይን እስከሚያደርስ፣ ጥልቀቱ ድንጋይ ወርውረህ ድምፁን እስክትሰማ የምትጠብቅለት። ከውስጡ ያ ሽታ ወጣ፤ ምድር ለዘመናት አፏን ዘግታ ቆይታ ስታዛጋ የሚወጣው። የተሰነጠቀውም የት ነው? ልክ በሀንዲሶና በሄራሞ መሃል፣ ከኮርቹ ስር።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰበሰቡ። በሀዲይኛ ነበር የሚያወሩት፤ እኔ ያኔ ተሰባብሮ ነው የሚገባኝ፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ በትራቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደድ አድርገው መልሰው አወጡትና፣ «ድንበር ሰው ሲያበጀው ይዋሻል፤ ይሄን ያበጀው እግዚአብሔር ነው» አሉ። «ከእንግዲህ ክርክር የለም። ከስንጥቁ ወደ ምሥራቅ የሄራሞ፣ ወደ ምዕራብ የሀንዲሶ። ስንጥቁ ራሱ የማንም አይሁን።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለቱ ባላንጣዎች ተሳሳሙ።

እኔ ወጣት አስተማሪ ነኝና አፌ አላረፈም። «አባቶቼ፣ ስንጥቅ ድንበር አይሆንም። ይሄ መሬት ከስሩ የተቀደደ ነው። ስንጥቁ ነገ እዚህ አይገኝም፣ ይሄዳል» አልኩ።

«መሬት ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«በእግሩ ነው በበቅሎ?» ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ሳቁን አስቆሙና በቁም ነገር ጠየቁኝ፦ «ቲቸር፣ ሲሄድ ባለቤቱን ይዞ ነው ጥሎት?»

አሁን ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ሀንዲሶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው የቀልድ እንዳልነበር የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው። ያችን ሳቄን ዛሬም ሳስታውሳት አፌ ይመረኛል።

ከሳቁ በኋላ ወረቀት መጣ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበርና እኔ እንድጽፍ ተወሰነ። «ስንጥቁ የሁለቱ ወሰን ሆኖ ለዘላለም ይጸናል» ብዬ ጻፍኩ። ለዘላለም! ክፍል ገብቼ አህጉር ሲሄድ ይኖራል የምል ሰውዬ፣ ለስንጥቅ ዘላለም ጻፍኩለት። ይባስ ብሎ «ስንጥቁ» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባት። ከየት ስንት እርምጃ እንደሆነ የምትናገር አንዲት መስመር ብጨምርበት ማን ይከለክለኝ ነበር? ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፣ በግ ታርዶ ነበር፣ እኔም ደስታውን ላደፈርስ አልፈለግሁም።

ለራሴ ግን ለካሁት። ከጉራጌው ሱቅ ሲባጎ ገዛሁ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ብረት ቸከልኩ፣ በየሳምንቱ ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። የክሩን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አስቴር ትይዛለች። ክሩ እንዳይንሸራተት በትንሿ ጣት ሁለት ዙር ጠምጥሞ አውራ ጣትን ከላይ ጫን ማድረግ እንዳለባት አስተምሬያታለሁ። «ሳቢ!» እላለሁ፤ «ይዣለሁ ቲቸር!» ትላለች። ከዚያ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቦታውን ራሷ በአጫጭር ፊደሏ ጽፋዋለች፦ «ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ምሥራቅ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ።» አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የጋሽ ሄራሞ ላሞች በመጨረሻ ሕንድ ይደርሳሉ?» አለኝ። «ቢደርሱም ወተታቸውን አንጠጣውም» ብዬ አሳቅኋቸው። እንግዲህ እውነቱን ለመናገር በሲባጎ የለካሁት የአህጉርን ጉዞ አልነበረም፤ ያ በሲባጎ አይለካም። ከስር ያለው ቅዳድ የቆየ ነው፤ ለስላሳ አፈር ሸፍኖት ኖሯል፤ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ ወደ ውስጥ ሲያወርደው አፉ ተከፈተ። ቢደፍኑት ደግሞ ውሃው መንገዱን አይረሳም። ይሄንንም ለአስቴር አስረድቻታለሁ፤ ገብቷታል፣ ፈተና ላይ ከኔ አሳምራ መልሳዋለች።

በዓመቱ ክረምት ጎርፉ ደለል ይዞ መጣና ኮርቹንም ብረቴንም ነቅሎ ያንን ስንጥቅ ደፈነው። ከእሱ ሃያ እርምጃ ወደ ምሥራቅ አዲስ ተከፈተ፤ በሄራሞ እንሰት መሃል ለመሃል። አሮጌው ሣር እስኪያበቅል እንኳ አልተጠበቀም፣ ሀንዲሶ ሽማግሌዎቹን ጠራ። ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። «ቲቸር፣ አንብብልን።» አነበብኩ። «ስንጥቁ ወሰን ነው ይላል አይደል? ታዲያ ስንጥቁ የቱ ነው? ይኸውላችሁ!» አለና በጣቱ አሳየ። ሃያው እርምጃ የያዘው የሄራሞን የደረሰ እንሰት በሙሉ ነበር። እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የእንሰት አገር ሰው ያውቀዋል፤ የደረሰውን ያጣ ቤት ችግኝ አይበላም።

ሄራሞ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞረና፣ «ቲቸር፣ አንተ ለክተኸዋል። የመጀመሪያው የት እንደነበረ ደብተርህ ላይ የለም?» አለኝ።

ደብተሩ ብብቴ ስር ነበር። አስቴር አጠገቤ ቆማለች። ያን ጠዋት በሀንዲሶ ገበታ ቁርስ በልቻለሁ፣ ራትም እበላለሁ። ሀንዲሶ እያየኝ ነው፣ ፈገግ ብሎ። «እኔ ስፋቱን እንጂ ቦታውን አልመዘገብኩም» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። የገዛ ፊደሏ ነው ገጹ ላይ ያለው። አፏን ልትከፍት ነበር፤ እኔ ዓይኔን ሳሸሽ መልሳ ዘጋችው። ያችን ልጅ ብዙ ነገር አስተምሬያታለሁ፤ ከሁሉ በደንብ የያዘችው ግን የዚያን ዕለቱን ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ በወረቀቱ ቃል ለሀንዲሶ ፈረዱ። ሄራሞ ከወር በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጥ ወደ ወንጂ ሄደ። በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ ሚስቱ አንድ ጥቅል ሰሌን፣ እሱ ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ የእንሰት ችግኝ ይዞ ነበር። ወንጂ ላይ የት ሊተክለው እንዳሰበ እንጃ። ሰላም አለኝ። ሰላም! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ አልሰማሁም፣ ደግሞም አልጠየቅሁም። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሆሳዕና ተዛወርኩና ጡረታ እስክወጣ ድረስ «ምድር ትንቀሳቀሳለች» እያልኩ ጠመኔ ፈጀሁ። ተማሪዎቼ ሽልማት ሰጡኝ፣ ካባም አለበሱኝ። እፍ!

እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በፊት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ አስቴር ነኝ፤ የሀንዲሶ ልጅ። ቅዳሜ የቤት ምርቃት አለን፣ እርስዎ ካልመረቁት አይሆንም።» ደስ አለኝ፤ ሽማግሌ ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ቤቱ የእሷ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ለካ ምሕረት የምትባል የአንጋጫ ልጅ ነርስና ባሏ ያጠራቀሙትን ሁሉ አፍስሰው የገዙት ነው፤ ሻጯ አስቴር ናት። ይሄን ያወቅሁት ከደረስኩ በኋላ ነው። ሀንዲሶ ሞቷል፣ ከተማዋ ሰፍታ ሰፍታ እርሻው ዘንድ ደርሳለች፣ ልጆቹ ደላላ ሆነዋል። ያ ሁሉ እንሰት የነበረበት ሜዳ በቆርቆሮ ተሞልቷል፤ አጥሩ ሁሉ ብረት፣ ብረቱ ሁሉ ወርቃማ ቀለም፣ ከወርቃማው በር ፊት ለፊት የቆሻሻ ክምር።

ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አተካናውን ትቼ ተነሳሁ። ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ወጣሁና በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አመራሁ። በሩ እዚያው ነው፣ ብረቱ ብቻ ተቀይሯል። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ምሥራቅ መቁጠር ጀመርኩ። እርምጃዬ አጥሯል፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር «አባባ ምን ጠፋብዎት?» ይለኛል። ሁለት መቶ አሥር ላይ የሰው አጥር አገኘሁ፤ ዞርኩት። ለአጠረው እርምጃዬ ጥቂት ጨምሬ ሃያውን ስጨርስ የመኝታ ቤቱ መስኮት ስር ቆሜያለሁ። በመስኮቱ የሕፃኗ አልጋ ይታያል። ሁለተኛው ስንጥቅ፣ ሄራሞን ያባረረው፣ ከዚያ አልጋ ስር ነው።

አስቴር ፈልጋኝ መጣች። ሽቶዋ ቀድሟት ደረሰ። ወርቅ እስከ ክርኗ ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ያው የጥንቷ፣ ሁሉን ቶሎ የሚገባው ፊት።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሰው እየጠበቀዎት ነው እኮ።»

«አስቴር፣ ይሄ ቤት የት ላይ ነው የተሠራው?»

«መሬት ላይ ነዋ!» ብላ ሳቀች። የአባቷ ሳቅ ነው።

«ቀልዱን ተይው።»

«ስንት ዓመቱ ጋሼ! ተደፍኗል። ወንድሞቼ ስንት መኪና ድንጋይ አስደፍተውበታል።»

«ደግሞስ በምን መብት ነው የምትሸጡት? ስንጥቁ የማንም አይሁን ተብሏል።»

«የማንም ካልሆነ ለደፈነው ነዋ!» አለች፤ በቃ፣ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው። «ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ወደ ምሥራቅ የሄራሞ ይላል፣ ሄራሞ የለም። ወደ ምዕራብ የእኛ ነው። መሃሉን ማን ይጠይቃል?»

ድንበሩን ራሱን ሸጡት! ሰው እርሻ ይሸጣል፣ ከብት ይሸጣል፤ ድንበር የሚሸጥ ሰው ግን እኔ አላየሁም።

«ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ በስቱኮ ደፍናችሁታል» አልኳት። «ያች ሕፃን እላዩ ላይ ነው የተኛችው። ክረምት እየመጣ ነው፣ አስቴር። ውሃ መንገዱን አይረሳም ብዬሽ አልነበረም?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎረቤት ወሬ አውርቶባት ምሕረት ፈርታለች። ሌሎቹም ቦታ ሊገዙ ያሰቡ ዛሬ መጥተዋል» አለችኝ። «የስንጥቁ አስተማሪ እርስዎ መሆንዎን ሁሉም ያውቃል። እርስዎ ቆመው ከመረቁት ወሬው ያቆማል። ምንም እንዲዋሹ አልጠየቅሁዎትም ጋሼ። ዝም ማለት ነው። ያኔም ዝም ብለዋል።»

ለመስደብ ሳይሆን የተማረችውን እንደምታስታውሰኝ አድርጋ ነው ያለችው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገሬ ሰው። ክንዴን ይዛ፣ በአክብሮት፣ እንደ አባት ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። እኔም ገባሁላት። እሷን የተጸየፍኳት እንዳይመስላችሁ፤ የተጸየፍኩት የያዘችው ክንድ የእኔ በመሆኑ ነው።

ስፒከሩ ዝም አለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጸለዩና ማይኩን ሰጡኝ። «አሁን አባታችን ይመርቁናል!» ሰዉ ሁሉ ተነሳ፤ ሶፋው ለአንድ አፍታ ከመንጫጫት አረፈ። ምሕረት ከባሏ ጋር ከፊቴ ቆማለች፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ለመቀበል። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ተረኛ ሆና አድራ እንደመጣች ነግራኝ ነበር። ዓይኗ ግን አልተዘጋም፤ አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያለውን መስመር። የምትጠብቀው ምርቃት ሳይሆን መልስ መሆኑ ገባኝ። ሄራሞም ያን ዕለት እንደዚሁ ነበር ያየኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለ። እጄ ግን ፈጠነ። ጠረጴዛው ላይ ለምርቃቱ የመጣ የብርድ ልብስ ስጦታ ነበር፤ የታሰረበትን ቀይ ሪባን ፈታሁት። ማይኩን ብብቴ ስር ይዤ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ወለሉ ላይ ከስንጥቁ በአንዱ በኩል ተንበረከክሁ። ሰዉ አጉረመረመ። «ጃጅተዋል መሰለኝ» ያለ ሰው ሰማሁ። «ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዝልኝ አለ?» አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ማይኩ ብቻ ጮኸ።

አስቴር በስንጥቁ ማዶ ቆማ ነበር። ነፍስና ሥጋዋ እስኪላቀቅ አፍራለች። ጉዱን ቶሎ ለመሸፈን፣ «ኧረ ጋሼ ጨዋታ ይወዳሉ!» እያለች ሳቅ ብላ ጎንበስ አለችና ጫፉን ተቀበለችኝ። ከዚያ ጣቶቿ እሷን ሳያማክሩ ሠሩ፤ በትንሿ ጣት ሁለት ዙር፣ አውራ ጣት ከላይ ጫን። ይህን ሳይ እኔም ምላሴ አመለጠኝ።

«ሳቢ!»

«ይዣለሁ ቲቸር!»

በስፒከሩ ወጣ። የአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቅልጥፍና ያለው ድምፅ፣ ከአንዲት ወርቅ ከለበሰች ሴትዮ አፍ፤ ቤቱ በሙሉ ሰማው። አስቴር ወዲያው ያለችው ገባትና ፊቷ አመድ መሰለ። ሳቁ ከከንፈሯ ሳይወርድ ቀረ።

ምሕረት እጆቿን አወረደች። «እትዬ አስቴር፣ እርስዎ ይሄን ከዚህ በፊት ለክተውታል?» አለች፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው።

አስቴር ወደ እኔ አየች፤ ልክ እንደዚያን ዕለት፣ ቀና ብላ። በዚህኛው ጊዜ ዓይኔን አላሸሸሁም።

«ለክታዋለች። ያስለካኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «የመጀመሪያው ስንጥቅ ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ምሥራቅ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ። ሁለተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ፤ እዚህ፣ ከልጅሽ አልጋ ስር። ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር። ተጠይቄ አልተጻፈም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ።»

ምሕረት መስመሩን ተሻግራ መኝታ ቤት ገባችና ሕፃኗን ከነብርድ ልብሷ አቅፋ ወጣች። ባሏ በሩን ከፈተላት። ቦታ ሊገዙ የመጡትም አንድ በአንድ ጫማቸውን እየፈለጉ ተከተሏት፤ አተካናው ላይ ቅቤው ረግቶ ቀረ። ቤቱ ባዶ ሲሆን እኔና አስቴር እንደተንበረከክን ነበርን፣ እሷ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ። ሪባኑ ተወጥሯል። እሷ ከጣቷ አልፈታችውም፣ እኔም አልለቀቅሁትም።